ምስራቅ ጀርመን፦ ብሩ ሞልቶ ክፍተቱ ለምን አልሞላም? (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ይሄን ጉዳይ

ስለ ክልሎች የሀብት ልዩነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ በጀት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለነሱ ስንት ተሰጠ ለኛ ስንት ደረሰን፣ ቀመሩ ልክ ነው አይደለም ምናምን። እሺ በጀቱ ቢሞላስ? ገንዘብ የሚባለው ችግር ከነጭራሹ ባይኖርስ? ይሄን ጥያቄ በተግባር ሞክሮ ያየው አገር ጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሀብታሙ ምዕራብ ደሃውን ምስራቅ ጠቅልሎ ወሰደ፣ ህጉ አንድ ሆነ፣ ገንዘቡ አንድ ሆነ፣ ቋንቋው ድሮም አንድ ነበር፣ ሰላም አለ፣ ታክስ ከፋይም አለ። ከዚህ የተሻለ ዕድል ያገኘ ደሃ አካባቢ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን የገቢው ልዩነት በጣም ጠበበ፣ የሀብቱ ልዩነት ደግሞ እዛው ቁጭ ብሏል። ሁለቱ ለምን እንደተለያዩ ማየት ነው የምፈልገው።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የሰው ስም አልጠራም፣ ስልጣን ላይ የነበሩትንም በነበሩበት ቦታ ነው የማነሳቸው።

ዳራው

ምስራቅ ጀርመን ለኛ ሰው እንግዳ አይደለችም። በደርግ ጊዜ ስንቱ ነው እዛ ሄዶ የተማረው፣ ሙገር ሲሚንቶ በነሱ እርዳታ ነው የተሰራው፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የማርክስ ሐውልትም የነሱ ስጦታ ነው። በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ሲነካ ዶላር ስላጠራቸው ከደርግ ጋር መሳሪያ በቡና ተለዋውጠዋል። ከውጪ ስትታይ የሶሻሊስቱ ዓለም ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ ከውስጥ ግን ህዝቧን ቡና ለማጠጣት እንኳን የውጭ ምንዛሪ ያልነበራት አገር ናት።

ሁሌም ግን ደሃ አልነበረችም፣ ይሄ ነጥብ ብዙ ሰው ጋ ይዘለላል። ሳክሶኒና ቱሪንገን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከጀርመን ዋና ዋና የኢንዱስትሪ አካባቢዎች ነበሩ። አውዲ የተመሰረተው ሳክሶኒ ውስጥ ጽቪካው ከተማ ነው፣ ካርል ዛይስ የሌንስ ስራውን የጀመረው ቱሪንገን ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖቹ አካባቢውን ለሶቪየት አስረክበው ከመውጣታቸው በፊት የዛይስን ዋና ዋና ባለሙያዎች ይዘው ሄዱ፣ አውዲ ባቫሪያ ላይ እንደ አዲስ ተቋቋመ፣ ሲመንስና አሊያንዝ ከበርሊን ወደ ሙኒክ ዞሩ። የቀረውን ደግሞ ሶቪየቶች በጦር ካሳ ስም ፋብሪካውን እየፈቱ ጭነው ወሰዱት። ከዛ በ1949 እና በ1961 መሃል ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብ ኮበለለ፣ አብዛኛው ወጣትና የተማረ ነው፣ የበርሊን ግንብ የተገነባውም ይሄን ፍልሰት ለማቆም ነው። ስለዚህ በኋላ "ምስራቁ ለምን ዋና መስሪያ ቤት የለውም" ሲባል መልሱ ግማሹ 1945 ላይ ነው ያለው።

ችግሩ

ግንቡ በህዳር 1989 ሲፈርስ 16 ሚሊዮን ገደማ ህዝብ፣ ያረጀ ፋብሪካ፣ የሚፈርስ ቤት፣ ስልክ ለማስገባት ዓመታት ወረፋ የሚጠበቅበት አገር ነው የተገኘው። ቢተርፌልድ የምትባለው የኬሚካል ከተማ በአየሯ መበከል በአውሮፓ ስሟ የጠፋ ነበር። አንድ ሰራተኛ የሚያመርተው በግምት ምዕራቡ የሚያመርተውን ሲሶ ነው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ማሽኑ የአያቱ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸኩለው ደግሞ ፍልሰቱ ነበር። በ1990 መጀመሪያ በቀን ወደ 2 ሺህ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምዕራብ ይሄድ ነበር። ሰልፍ ላይ የሚጮኸው መፈክር "ማርኩ ከመጣ እንቆያለን፣ ካልመጣ እኛው እንሄድለታለን" የሚል ነው፣ ማርኩ ማለት የምዕራቡ ገንዘብ ነው። የምዕራብ ጀርመን መንግስት በነበረባት በቦን ላሉ ፖለቲከኞች ይሄ ማስፈራሪያ ሳይሆን በየቀኑ በዓይን የሚታይ ነገር ነበር፣ ትምህርት ቤቶችና ስፖርት አዳራሾች በመጤ ተሞልተዋል። ከዚህ በኋላ የተወሰኑትን ውሳኔዎች ስንተች ይሄን ማሰብ አለብን፣ ቁጭ ብሎ ለማጥናት ጊዜ አልነበረም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1990 የምስራቁ ማርክ ቀርቶ የምዕራቡ ማርክ ገባ። ደመወዝና ጡረታ አንድ ለአንድ ተቀየረ፣ ቁጠባ ደግሞ ለልጅ እስከ 2,000፣ ለአዋቂ እስከ 4,000፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነው እስከ 6,000 ማርክ አንድ ለአንድ፣ ከዛ በላይ ያለው ሁለት ለአንድ። ህዝቡ ጨፈረ፣ ቻንስለሩም ምስራቁ በቅርቡ የሚያብብ ምድር እንደሚሆን በቴሌቪዥን ቃል ገባ። ፋብሪካዎቹ ግን በአንድ ሌሊት ሞቱ። እስከ ትላንት ለፖላንድና ለሶቪየት በርካሽ የሚሸጡት ዕቃ ዋጋው በጠንካራ ማርክ ሆነ፣ ገዢዎቹ ደግሞ ማርክ የላቸውም። የአገሩም ሰው ቢሆን ለዓመታት የጓጓለት የምዕራብ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ተሞልቶ የራሱን ፋብሪካ ጃም ማን ይግዛ? በ1991 የኢንዱስትሪ ምርቱ ከ1989ኙ ወደ ሲሶ ወረደ።

በዚህ ላይ የደመወዝ ድርድሩ መጣ። ጠረጴዛው ላይ በሰራተኛ ማህበርም በአሰሪ ማህበርም በኩል ድርድሩን የሚመሩት በአብዛኛው ከምዕራብ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ደግሞ ርካሽ ጉልበት ያለው ተወዳዳሪ ጓሯቸው እንዲበቅል አይፈልጉም። በ1991 የብረታ ብረት ዘርፉ ደመወዝ በ1994 ከምዕራቡ እኩል እንዲሆን ተፈራረሙ። በ1993 አሰሪዎቹ አልቻልንም ብለው ውሉን ሰረዙት፣ አድማ ተመታ። ለሰራተኛው እኩል ክፍያ መጠየቅ መብቱ ነው፣ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር፣ ግን ምርቱ ሲሶ ሆኖ ደመወዙ ወደ እኩል ሲሮጥ መሃሉን የሚሞላው ወይ ድጎማ ነው ወይ ስራ ማጣት። ሁለቱም ሆኑ።

ሁለተኛው ትሮይሃንድ የተባለው የመንግስት ተቋም ነው። ወደ 8,500 የሚሆኑ የመንግስት ድርጅቶችን፣ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰራተኛ ያለባቸውን ተረክቦ እንዲሸጥ፣ እንዲያድን ወይም እንዲዘጋ ተደረገ። ሂሳቡ ሲጀመር ከሽያጩ ትርፍ ይገኛል ተብሎ ነበር የታሰበው፣ በ1994 መጨረሻ ሲዘጋ ግን ከ250 ቢሊዮን ማርክ በላይ ኪሳራ ትቶ ነው የሄደው። ሁሉም ነገር አንዴ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋ አይኖረውም፣ ሰው ሁሉ የሚሸጥበት ሰፈር ውስጥ ቤት መሸጥ ማለት ነው። ድሮ የተወረሰ ንብረት ይመለስ የሚለው ህግም ሌላ ጣጣ አመጣ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ የይገባኛል ጥያቄ ቀረበ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ መሬት ላይ ደግሞ ማንም ኢንቨስት አያደርግም።

ሶስተኛው የገንዘብ ዝውውሩ ነው። ከ1991 ጀምሮ የአንድነት ታክስ የሚባል ተጨማሪ ክፍያ ተጣለ፣ ብዙ ሰው የምዕራቡ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ምስራቁም ይከፍላል። ከ1995 እስከ 2004 የመጀመሪያው፣ ከ2005 እስከ 2019 ሁለተኛው የአንድነት ስምምነት የተባለው የበጀት ድጋፍ ተሰጠ፣ ሁለተኛው ብቻ 156 ቢሊዮን ዩሮ ነው፣ በየዓመቱም እየቀነሰ እንዲሄድ ተደርጎ የተቀረጸ ነበር። ጡረታና የስራ አጥ ክፍያ ደግሞ በጋራው የኢንሹራንስ ካዝና በኩል ለብቻው ይሄዳል፣ እንዲያውም ትልቁ ዝውውር እሱ ነው።

አንድ ማዕድን ማውጫ በቅርበት

ከነዚህ ሺዎች አንዱን ልውሰድ። ቱሪንገን ውስጥ ቢሾፈሮደ የምትባል መንደር አለች፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ የሚወጣባት። ማውጫው ከምዕራብ አውሮፓ ቋሚ ደንበኛ ነበረው፣ የማዕድኑ ጥራትም የሚፈለግ ነበር። ትሮይሃንድ የምስራቁን የፖታሽ ድርጅት ከምዕራብ ጀርመኑ ተፎካካሪው ጋር ለማዋሃድ ተስማማ፣ በስምምነቱ መሰረት የሚዘጉት ውስጥ ቢሾፈሮደ ገባ። ምክንያቱ በዓለም ገበያ ላይ ፖታሽ ተትረፍርፏል የሚል ነው። ማውጫውን ልግዛውና ላሰራው ያለ የምዕራብ ነጋዴም ነበር፣ አልተሸጠለትም።

በሐምሌ 1993 ማዕድን ቆፋሪዎቹ የርሃብ አድማ መቱ። ማውጫው ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተው ተኙ፣ ሚስቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ግቢው በር ላይ፣ ከመላው አገሪቱ ሰው እየመጣ፣ "ቢሾፈሮደ ሁሉም ቦታ ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ። ውሉን አሳዩን አሉ፣ የንግድ ሚስጥር ነው ተባሉ፣ ለዓመታትም ሚስጥር ሆኖ ቆየ። ታህሳስ 31 ቀን 1993 ማውጫው ተዘጋ። በምትኩ 700 ገደማ ስራ ይፈጠራል ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር፣ የመጣው ግን ከዛ በጣም ያነሰ ነው።

በኢኮኖሚ ስሌት መዝጋቱ ልክ ነበር ብሎ የሚከራከር አለ፣ ገበያው በእርግጥም ጠቦ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣ የሚዘጋውን የሚመርጠው ተፎካካሪው ከሆነና ውሉም ከተደበቀ፣ መዝጋቱ ልክ ቢሆን እንኳን ማን ያምናል? ምስራቁ ውስጥ እስከ ዛሬ ያለው ቂም ከድህነቱ ይልቅ ከዚህ ይመጣል ባይ ነኝ።

የሰራው

መሰረተ ልማቱ ያለ ጥርጥር ሰርቷል። ከ1991 ጀምሮ 17 ትልልቅ የባቡር፣ የመንገድና የውሃ ትራንስፖርት ፕሮጀክቶች ተያዙ፣ የበርሊን ሙኒክ ፈጣን ባቡር በ2017 መጨረሻ ተከፍቶ ጉዞው ከአራት ሰዓት በታች ገባ። የፈራረሱት የድሮ ከተሞች ታድሰዋል፣ ዛሬ ገርሊትዝ ወይም ኤርፉርት የሄደ ሰው ፎቶ ሲያነሳ ነው የሚውለው። ወንዙና አየሩ ጸድቷል። ዕድሜም ጨምሯል፣ በ1990 የምስራቅ ሴቶች ከምዕራቦቹ በዓመታት ቀድመው ይሞቱ ነበር፣ አሁን ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። የጡረታ ስሌቱ በሐምሌ 2023 ሙሉ በሙሉ እኩል ሆነ። ስራ አጥነት በ2005 አካባቢ ከመቶ 18 አልፎ የነበረው ዛሬ ከምዕራቡ ጋር ተቀራርቧል፣ ደመወዝም ከምዕራቡ ከመቶ 80 በላይ ደርሷል።

ፋብሪካ በተመለከተ ደግሞ የተሳካላቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፣ ድሮ የሚያውቁት ሙያ ላይ መቆማቸው። ድሬስደን በሶሻሊዝሙ ጊዜ የማይክሮ ኤሌክትሮኒክስ ማዕከል ነበረች፣ ቺፑ ከምዕራቡ ወደ ኋላ የቀረ ቢሆንም ኢንጂነሩ ነበረ፣ ሲመንስና ኤኤምዲ በ90ዎቹ መጡ፣ በ2024 የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ መሰረት ጣለ። ጽቪካው ላይ ትራባንት የምትባለዋ መኪና ምርት በ1991 ቆመ፣ ግን መኪና ሰሪው እዛው ነበርና ቮልስዋገን ገባ፣ ዛሬ እዛ የሚሰራው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የድሮው የዛይስ ከተማ ላይም ሌንሱና ዩኒቨርሲቲው ተያይዘው ተርፈዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ምስራቁ ራሱ ይዞት የመጣ ነው። የህጻናት ማቆያው በየሰፈሩ ስለነበር ሴቶች ከወለዱም በኋላ ስራ አያቋርጡም ነበር፣ በዚህ የተነሳ የምስራቅ ሴቶች አማካይ ጡረታ ከምዕራብ ሴቶች ይበልጣል። ምዕራቡ ይሄን ለመኮረጅ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ያልሰራው

የቤት ግንባታው የታክስ ቅናሽ ይቅደም። ምስራቅ ላይ ቤት ለሚሰራ ወይም ለሚያድስ ከወጪው ግማሹን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከታክስ ስሌት እንዲያስቀንስ ተፈቀደለት። ይሄ የጠቀመው ብዙ ታክስ የሚከፍለውን ነው፣ እሱ ደግሞ የት እንደሚኖር የታወቀ ነው፣ የምዕራብ ሐኪምና ጠበቃ አይቶት የማያውቀውን ከተማ አፓርታማ ይገዛ ጀመር። ሰው እየለቀቀ ቤት ይሰራል፣ ቤት እየተሰራ ሰው ይለቃል፣ በ2000 አካባቢ 1 ሚሊዮን ገደማ ቤት ባዶውን ቆመ። ከ2002 ጀምሮ መንግስት ለማፍረስ ሌላ ፕሮግራም ከፈተ። ለመስራትም ለማፍረስም አንዱ ታክስ ከፋይ ነው የከፈለው።

ብራንደንቡርግ ላይ ደግሞ ካርጎሊፍተር የሚባል ካምፓኒ ከባድ ጭነት በግዙፍ የአየር መርከብ አጓጉዛለሁ ብሎ የመንግስት ድጎማም ገብቶለት 360 ሜትር ርዝመትና 107 ሜትር ከፍታ ያለው ሼድ ሰራ። መርከቡ ሳይሰራ በ2002 ከሰረ፣ ሼዱ ዛሬ ውስጡ የዘንባባ ዛፍና የውሃ መዋኛ ያለበት መዝናኛ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ይሞቃል። ስራ ፈጥሯል፣ አልክድም፣ ግን የታሰበው እሱ አልነበረም።

ዋናው ግን ባለቤትነቱ ነው። ትሮይሃንድ ከሸጠው ውስጥ የምስራቅ ሰዎች የገዙት ከመቶ አስር እንኳን አይሞላም፣ አብዛኛውን የወሰዱት የምዕራብ ጀርመን ካምፓኒዎችና ባለሀብቶች ናቸው። ተንኮል ብቻ አይደለም፣ 40 ዓመት ካፒታል ማጠራቀም በተከለከለበት አገር ማን ብር ይኖረዋል፣ ባንክስ በምን ማስያዣ ያበድራል? ውጤቱ ግን ፋብሪካው ምስራቅ፣ ትርፉና ዋና መስሪያ ቤቱ ምዕራብ ሆነ። በርሊንን ትተን ብናይ ከጀርመን 40 ትልልቅ የአክሲዮን ካምፓኒዎች ዋና መስሪያ ቤቱ ምስራቅ ያለ አንድም የለም። ዋና መስሪያ ቤት ሲርቅ ምርምሩ፣ ትልልቁ ደመወዝ፣ ጠበቃው፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ሁሉ አብሮ ይርቃል። የመካከለኛ ቤተሰብ ሀብት ብናይ ምስራቁ ዛሬም የምዕራቡን ግማሽ አይደርስም፣ ውርስ ሲመጣ ደግሞ ምዕራቡ ቤትና አክሲዮን ይወርሳል፣ ምስራቁ የሚወርሰው ብዙም የለም፣ ስለዚህ ደመወዙ ሙሉ በሙሉ እኩል ቢሆን እንኳን ክፍተቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ሰውም አልተመለሰም። የወሊድ መጠኑ በ1994 በሴት 0.77 ልጅ ደረሰ፣ በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለ ውድቀት ብዙ አልታየም። በብዛት የሄዱት ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ትንንሽ ከተሞች ወንድና ሽማግሌ ብቻ ቀሩ። በ2017 ወደ ምስራቅ የሚሄደው ሰው ከሚለቀው በለጠ ተባለ፣ ግን መድረሻው ላይፕሲግና የበርሊን ዙሪያ ነው፣ ገጠሩ አሁንም እየሳሳ ነው።

ለሌላ ቦታ የሚወሰደው

እኛ ጋ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ ቀመር ሲያወጣ የሚለካው ህዝብ ብዛት፣ የወጪ ፍላጎት፣ ገቢ የመሰብሰብ አቅም የመሳሰሉት ነው፣ ያስፈልጋል። ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ግን ቀመሩ ገቢን እንጂ ሀብትን አይነካም፣ ሀብት የሚወሰነው ንብረት ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሰዓት ነው፣ ያ ሰዓት ደግሞ አጭር ነው። መሬት ሲሰጥ፣ የመንግስት ድርጅት ሲሸጥ፣ አክሲዮን ሲከፈት የአካባቢው ሰው ብር ስለሌለው ብቻ ከተዘለለ በኋላ የሚላክለት በጀት አያካክሰውም፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ጋምቤላ ላይ ለሰፋፊ እርሻ መሬት ሲሰጥ የተነሳው ጥያቄም ይሄው ነበር። ለአካባቢው ሰው ድርሻ ማስቀመጥ፣ ለሰራተኛው በዱቤ መሸጥ፣ ቢያንስ ውሉን ግልጽ ማድረግ የሚቻለው ያኔ ነው።

የብሩ መድረሻም መታየት አለበት። ወደ ምስራቅ ከሄደው ዝውውር ትልቁ ክፍል ለፍጆታ ነው የዋለው፣ የተገዛው ደግሞ የምዕራብ ዕቃ ነው፣ በ1990 እና 91 የምዕራብ ፋብሪካዎች በዚህ ተቀማጥለዋል። ወደ ታዳጊ ክልል የሄደ በጀት በስንት ሳምንት ተመልሶ አዲስ አበባ መርካቶ ይገባል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ኮንትራክተሩ ከየት ነው፣ ሲሚንቶው ከየት ነው፣ ቀን ሰራተኛውስ ማነው።

ሌላው፣ ፋብሪካ በድጎማ ከሜዳ ተነስቶ አይበቅልም፣ ሙያው ያለበትን ፈልጎ እዛ ላይ መጨመር ነው የሚያዋጣው። የካርጎሊፍተር ሼድና የድሬስደን ቺፕ ሁለቱም ድጎማ በልተዋል፣ ልዩነታቸው ድሬስደን ስራውን የሚያውቅ ሰው ነበራት።

ድጎማን በስም ማሰርም ያጣላል። "ለምስራቅ" ተብሎ ለ30 ዓመት ሲከፈል፣ የከሰል ማዕድኑ የተዘጋበት የሩር አካባቢ፣ በተለይ ጌልዘንኪርሽን የምትባለው ከተማ በነፍስ ወከፍ ገቢ የአገሪቱ መጨረሻ ላይ ከሚገኙት ሆነች፣ እሷ ደግሞ ምዕራብ ናት። ከንቲባዎቹ እኛ ተበድረን ለነሱ እንከፍላለን ብለው ለዓመታት ጮኹ። ከ2020 ጀምሮ ድጋፉ በአቅጣጫ መሆኑ ቀርቶ ችግር ላለበት አካባቢ ሁሉ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ላውዚትዝ በሚባለው የምስራቁ የከሰል አካባቢ ላይ ሌላ ዙር ተጀምሯል። ጀርመን ከሰልን ቢበዛ በ2038 ትዘጋለች፣ ለከሰል አካባቢዎች እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቧል። በዚህኛው ዙር ግን የከሰል ኃይል ማመንጫዎቹ ገና እየሰሩ ኮትቡስ ከተማ ላይ በ2024 መጀመሪያ የባቡር ጥገና ፋብሪካ ተከፈተ፣ ሲያልቅ 1,200 ሰራተኛ እንዲይዝ ነው የታቀደው፣ የህክምና ዩኒቨርሲቲም እዛው ተቋቁሟል። ማመንጫው ውስጥ ያለ ሰው ከመባረሩ በፊት ሌላ በር ማየት ችሏል፣ ቢሾፈሮደ ላይ ያልነበረው ይሄ ነው።